ራሳሞቹና ለቃሚዎቹ

ባለፈው ሰሞን ከጓሮዬ በር ሥር የተጋደመ ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል አንዲት ጉንዳን ከጣቴ ሥር ተጨፈለቀችና ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የሎሚ ልጣጭና አቼቶ የተቀላቀሉበት የሚመስል፣ አፍንጫን ቆንጥጦ ዓይንን እንባ የሚያስሞላ ሽታ ነው። ድንጋዩን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ነገሌ ቦረና ከክሊኒኩ ጀርባ የነበረው የጭቃ ቤታችን፣ በቅንጭብ የታጠረው ግቢ፣ ጣት ላይ እንደ በርበሬ ተጣብቆ የሚቀረው ቀይ አፈር፣ በዚያም አፈር ላይ በደረቴ ተኝቼ ያሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ፣ ልቤም ያኔ ይመታ እንደነበረው ቶሎ ቶሎ መምታት ጀመረ።

ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ እገባ ነበር፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁት እጄን ሳላወጣ ደወል ይደወል ነበር፤ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ የምትመልስልኝ እማዬ ነበረች። ጉንዳንን ግን የፈለጉትን ያህል ቢያፈጡባት «ምን ታዪያለሽ?» አትልም። ስለዚህ ሌሎች ልጆች ገመድ ሲዘሉ እኔ አጥሩ ሥር ተንበርክኬ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እሄድ ነበር፣ ቀሚሴም ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ቀይ ነበር።

በእኛ አገር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል፤ ትልቁ ዝናብ ጋና ይባላል። ጋና ሲገባ ምድሪቱ የምታብድ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ክንፋም ጉንዳን ከየጉድጓዱ እንደ ጭስ እየተትጎለጎለ ይወጣ ነበር፤ ዶሮዎቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ሲለቅሙ እኛ ልጆቹ ነጠላ ዘርግተን እየጮህን እንሮጥ ነበር። አባዬ የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለነበረ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ እያየ ወባ ሲፈልግ ይውልና፣ ወደ ቤት ሲመጣ ያለቁ የፔኒሲሊን ብልቃጦችን ከነጎማ ክዳናቸው ቀቅሎ በኪሱ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን እነዚያን ብልቃጦች ሁሉ በክንፋሞች ሞልቼ በር ላይ ጠበቅሁት።

«አባዬ፣ ለይልኝ። የትኛው የየትኛው ነው?»

አባዬ አንዱን ብልቃጥ ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላበጠውና ሳቀ።

«እነዚህ ሙሽሮች ናቸው ማርታዬ። ሙሽራ ለብሳ ስትወጣ ሁሏም ትመሳሰላለች። በዓመት አንዴ ብቅ በሚል ነገር ጉንዳን አይለይም። ሠራተኛዋን ያዣት፤ እሷ ክንፍ የላትም፣ ግን ሁልጊዜ ደጅ ላይ ናት። ራሷን፣ ወገቧን፣ አካሄዷን ስታዪ የማን ቤት ልጅ እንደሆነች ታውቂያለሽ።»

«ለምን ‹እሷ› ትላታለህ? ሴት ናት እንዴ?»

«ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው።»

ይህን ስሰማ ብልቃጦቹን መሬት ላይ ትቼ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ፤ ለቱሜ ካልነገርኩ ልፈነዳ ነበር። ቱሜ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ከአሬሮ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አባቷ ጋልገሎ ከብት አርቢ ነበሩ፤ ታመው ክሊኒክ በተኙ ጊዜ ከአባዬ ጋር ተዋወቁና «ልጄ ፊደል ትቁጠር» ብለው እኛ ቤት አስቀመጧት። ጠዋት ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር፣ ከሰዓት እማዬን በቤት ሥራ ታግዝ ነበር። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር እየተቀላቀለ ይወጣ ነበር፤ እኔንም በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ «ሚጢ» ነበር የምትለኝ፣ ሚጢ በኦሮምኛ ጉንዳን ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ የማላፍራት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

«ቱሜ! ተሸክመው የሚሄዱት ጉንዳኖች ሁሉ ሴቶች ናቸው!»

ቱሜ ሽንኩርቱን አስቀምጣ በርጩማዋ ላይ ወደ ኋላዋ እስክትንጋለል ሳቀች። «ዋቃ! አባትሽ ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አስፈለጋቸው? ወደ ውኃው መንገድ ወጥተው አይመለከቱም?»

ጋና አልፎ አዶሌሳ ይመጣ ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ግን ሳይጠራ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራ እያነሳ የሚውልበት ወቅት ነው። ልጆች ከቤት የማይወጡበት ጊዜ ስለሆነ ግቢው ሁሉ የእኔና የቱሜ ሆነ፣ ሥራዋን ስትጨርስም «የማን ቤት ልጅ?» የምንለውን ጨዋታ እንጫወት ነበር። አንዳችን ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ሌላዋ ከግቢው ጉድጓዶች ከአንዱ አንዲት ሠራተኛ በብልቃጥ ይዛ ትመጣለች፣ የጨፈነችው ዓይኗን ከፍታ ጉንዳኗ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣች በጣቷ ማሳየት ነው። መናገር የለ፣ እጅ ማውጣት የለ፣ ማሳየት ብቻ። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈኝ አልነበረም፣ ባሸነፍኩ ቁጥርም ደስታው እግሬን መሬት ያስለቅቀኝ ነበር።

ስም ያወጣንላቸው ራሳችን ነን። ማለዳ ማለዳ ከጦር ሰፈሩ ወታደሮች እየዘፈኑ ሲሮጡ እንሰማ ነበር፤ በግቢያችንም እንደነሱ በሰልፍ የሚሄዱ ትልልቅ ጥቁሮች ነበሩ። የምስጥ ቤት ሊዘርፉ በአንድ መስመር ወጥተው፣ እያንዳንዷ በአፏ ምስጥ ነክሳ በዚያው መስመር ትመለሳለች፤ ትንፋሻችንን እፍ ስንልባቸው ሁሉም በአንድ ላይ የጋለ ብረት ላይ እንደ ወደቀ ውኃ ቺስ ይሉ ነበር። እነሱን ወታደሮች አልናቸው። ቀትር ላይ ሌላው ሁሉ ከፀሐይ ሲደበቅ በረጃጅም እግሮቻቸው ከትኩሱ አፈር ከፍ ብለው የሚፈተለኩትን አመድማዎች ሯጮች አልናቸው። ግራሩ ላይ ደግሞ እሾሁ ሥር ባበጠው ኳስ ውስጥ የሚኖሩ፣ ዛፉ ሲነካ ቂጣቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው የሚወጡ ነበሩ። ቱሜ እነዚህን ከአሬሮ ጀምሮ ታውቃቸው ነበር፣ «ፍየል እንኳ ይህን ግራር አንዴ ቀምሳ ሁለተኛ አታየውም» ትለኝ ነበር፤ አንድ ቀን አንደኛዋ ከንፈሬን ነድፋኝ ፊቴ ሲያብጥ እማዬ የጥርስ ሕመም መስሏት ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፣ ቱሜም ለሳምንት ያህል ባየችኝ ቁጥር አፏን በነጠላዋ እየሸፈነች ትስቅ ነበር።

ከሃገያ ጋር፣ ማለትም ከትንሹ ዝናብ ጋር፣ ሣሩ አድጎ ያፈራ ነበር፤ የጓዳችን ግድግዳ ሥር ያሉት ትንንሽ ጥቁሮችም የሣሩን ፍሬ እየለቀሙ ወደ ጉድጓዳቸው ማስገባት ይጀምሩ ነበር። እነሱን ለቃሚዎች አልናቸው፤ ጸባያቸው ለስላሳ፣ የማይናደፉ፣ ሰው የማይፈሩ ነበሩ። በዚያው ወቅት ከከብት ገበያው ማዶ ባለው ሜዳ ላይ በሕይወቴ አይቼ የማላውቀውን ጉንዳን አገኘሁ። ራሷ የሰውነቷን እኩሌታ ያህላል፣ ሰፊና የሚያብረቀርቅ፣ መንጋጋዋም እንደ ጉጠት ነው። ይዤ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ቱሜ፣ ኢላሊ! አዲስ ዘር አገኘሁ!»

«ኢላሊ» እይ ማለት ነው፤ ከእሷ የለመድኩት ነው። ቱሜ ብልቃጡን አየችና፣ «ይህችማ ራሷን ስትሸከም ትውላለች እንጂ ሌላ ምን ትሸከማለች?» አለችኝ። ራሳም አልናት። አባዬ ከሰጠኝ ፕላስተር ቁራጭ ላይ «ራሳም» ብዬ ጽፌ ብልቃጡ ላይ ለጠፍኩት፣ «ለቃሚ» ከሚለው ብልቃጥ በጣም አርቄም ለብቻው አስቀመጥኩት፤ በእኔ ዓይን እነዚህ ሁለቱ ዝሆንና ድመት ያህል የተለያዩ ነበሩ።

በዚያ ሃገያ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ቀይ ማሽላዋን እኛ ቤት አምጥታ አስቀመጠች። እትዬ ወርቄ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ነበረች፣ ከሰሜን የመጣች፣ አፏ የማያርፍ ግን እጇ ለሁሉ የሚዘረጋ ሴት። ማሽላው ዘመዷ ከኮንሶ ያመጣላት ምርጥ ዘር ነው፤ የእሷ ጣሪያ ስለሚያፈስ «እስከ ጋና አደራ» ብላ ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬም በትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጣ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ፣ ጓዳ ውስጥ ከግድግዳው አስጠግታ አኖረችው። ለእማዬ አደራ ከራሷ ንብረት በላይ ነበር፤ የራሷን ዱቄት አይጥ ቢበላው ትስቅ ነበር፣ ያንን ቆርቆሮ ግን ስታልፍ በእጇ ዳበስ ሳታደርገው አታልፍም ነበር።

ከዚያ ቦና መጣ፣ ደረቁ ወቅት። ሣሩ ነጣ፣ ውኃ ፍለጋው ረዘመ፣ ከብት የጫኑ መኪኖች ባለፉ ቁጥር ከተማው በአቧራ ይጠፋ ነበር። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ትእዛዝ ታሽጎ ስለነበር እሁድ እሁድ በየሰው ቤት ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር፤ እኛ ስንሄድ ቤት የምትጠብቀው ቱሜ ነበረች፣ የጓዳው ቁልፍም በክር ታስሮ በአንገቷ ላይ ይውል ነበር።

በቦናው መጨረሻ አንድ ከሰዓት ደመና ብቅ አለ። እትዬ ወርቄ ከበር ጀምራ እየተጣራች ገባች።

«አስቴር! ደመናውን አየሽው? መሬቴን አስገልብጬዋለሁ፣ ዘሬን ስጪኝ!»

እማዬ ቱሜን ጠርታ ጓዳውን አስከፈተች፣ ቆርቆሮውንም ልታነሳ ወገቧን አጥብቃ ጎንበስ አለች። ከባድ ይሆናል ብላ ስለጠበቀች ቆርቆሮው በአንዴ እስከ አገጯ ድረስ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ክዳኑን ከፈተች። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች።

«ምነው?» አለች እትዬ ወርቄ።

«ባዶ ነው።»

«ምኑ ነው ባዶ? ክዳኑ እንደተከደነ? ማሽላው እግር አውጥቶ ሄደ?»

ቆርቆሮው ውስጥ ትንሽ ብናኝ እንጂ ምንም አልነበረም። የሁለቱም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ቱሜ ዞረ፣ ከቱሜም ፊት ወርዶ አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

«እኔ አልወሰድኩም» አለች ቱሜ።

«ማን ወሰድሽ አለ?» አለች እትዬ ወርቄ። «ብቻ የአሬሮ ሰዎች በየገበያው ቀን ይመጣሉ፣ ዘመድ አይጠፋሽም፣ ቦናውም ከባድ ነው…»

የእማዬ ፊት ደም መስሎ ነበር። «ለተራበ ዘመድ ሰጥተሽው እንደሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም። የሰው አደራ ስለሆነ ነው።»

ቱሜ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ በቆርቆሮው ክዳን ላይ አስቀመጠችው። «አልወሰድኩም አልኩ፣ እትዬ አስቴር። ሁለተኛ አልናገርም» ብላ ወጣች፤ ከዚያም በኋላ ስለ ማሽላው ስትጠየቅ እውነትም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሷ ኩራት ነበር የያዛት፣ እማዬ ግን ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጠረችው። አባዬ «ትንሽ እንቆይ፣ እናጣራ» ቢላትም፣ «በምን ፊቴ ወርቄን አያታለሁ?» ብላ አለቀሰችና፣ ወደ አሬሮ በሚሄድ ከብት ነጋዴ በኩል የቱሜ አባት በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጥተው ልጃቸውን እንዲወስዱ መልእክት ላከች።

ቱሜ ልትሄድ ነው። ይህ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ዋለ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲበተን ጓዳ ገብቼ ቆርቆሮውን ታቅፌ ተቀመጥኩ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ አገላበጥኩት። ያኔ የታችኛው ጠርዝ በግድግዳው በኩል ዝጎ ተበልቶ የትንሽ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ እንዳለው አየሁ፤ ብናኙን መዳፌ ላይ ባራግፈው ደግሞ ከብናኙ ጋር አንዲት የደረቀች ጉንዳን ወደቀች። ሰፊ ራስ፣ እንደ ጉጠት ያለ መንጋጋ።

ራሳም!

ወደ ቱሜ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ እግሬ ላይ አልነበረም። «አገኘሁት! ጉንዳን ነው የወሰደው! ራሳም ናት!»

ቱሜ ጉንዳኗን አይታ ራሷን ነቀነቀች። «አንዲት የሞተች ጉንዳን ምስክር ትሆነኛለች፣ ሚጢ? ማሽላውን ካላሳየሻቸው ማን ያምንሻል?»

«አሳያቸዋለሁ! ቤታቸውን አውቀዋለሁ!»

ይዣት ከከብት ገበያው ማዶ ወዳለው ሜዳ ሄድን፣ ራሳሟን መጀመሪያ ያገኘሁበትን ጉድጓድም በዶማ ቆፈርነው። ጎተራ ነበራቸው፤ ከአፈር ሥር እንደ እንጎቻ የተንጣለሉ ክፍሎች በፍሬ ጢም ብለዋል፣ ልቤም ሊወጣ ደረሰ። ግን በእጄ ዘግኜ ሳየው ሁሉም የሣር ፍሬ ነበር። አንዲት ቀይ ማሽላ አልነበረችበትም። ደግሞስ ከዚያ ድረስ ከተማውን አቋርጠው እኛ ጓዳ ምን ሊያመጣቸው ይችላል? ቱሜ ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀድማኝ ሄደች።

አባዬ የደረቀችውን ጉንዳን ሳሳየው ማጉሊያ መነጽሩን አውጥቶ አያት። «ያለ ጥርጥር ፍሬ ሰባሪ ናት፣ ይህ መንጋጋ ለሌላ አልተሠራም። ከየትኛው ጉድጓድ እንደመጣች ግን እኔ አላውቅም፣ የግቢው ባለሙያ አንቺ ነሽ። ራሷን ብቻ ነው ያየሽው እንዴ? ወገቧንስ?» ብሎ መነጽሩን ተወልኝ። ቅር አለኝ። ራሷ እንደዚያ ሆኖ ወገብ ማን ያያል?

የገበያው ቀን ደረሰ። አባዬ ክሊኒክ ሄዷል። እኔ በረንዳ ላይ ብልቃጦቼን ሁሉ ደርድሬ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ አወጣኋቸው፣ በመነጽሩም እየዞርኩ ወገባቸውን ማየት ጀመርኩ። የወታደሮቹ ወገብ አንድ ቋጠሮ አለው። የሯጮቹም አንድ። ራሳሟ ጋ ስደርስ ግን ዓይኔ እየሸሸ ወደዚያ ራስ ይሄድብኝ ነበር፤ ተናድጄ ቁራጭ ፕላስተር ራሷ ላይ ለጠፍኩባት። ወገቧ ሁለት ቋጠሮ ነው፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ። እሺ። ለቃሚዋን አጠገቧ አድርጌ በእሷም ራስ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሁለት ቋጠሮ። ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር ያው ነው። እግሯ ያው ነው። አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ ከመሆናቸው በቀር ራስ የሌላቸው ሁለት ጉንዳኖች ወረቀቱ ላይ እንደ እህትማማቾች ተኝተዋል።

ሁለት ዘር አይደሉም! የአንድ ቤት ልጆች ናቸው! ትንንሾቹ ውጭ ሣር ይለቅማሉ፣ ትልልቆቹ ቤት ቁጭ ብለው ጠንካራውን ፍሬ ይሰብራሉ፤ እኔ ደጅ ላይ ትንንሾቹን ብቻ እያየሁ ለስላሳ ናቸው ስል ራሳሞቹ ከምድር ሥር፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ማንም ሳያያቸው ወደ ጓዳችን መንገድ አበጅተዋል። ሌባው ከከብት ገበያው ማዶ አይደለም። ከጓዳው ግድግዳ ሥር ነው!

ቀና ስል የቱሜ አባት ግቢ ገብተው ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ረጅም ሰው ናቸው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ እማዬ ያቀረበችላቸውን ውኃ ሳይጠጡት ይዘውታል። እትዬ ወርቄም መጥታ በር ላይ ቆማለች። ቱሜ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች።

«ናጋ?» አሏት አባቷ።

«ናጋ» አለች ቱሜ፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው፣ ቋጠሮዋን ግን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ነበር።

ያ ሁሉ ሰው እዚያ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩ ጀርባ ነበርኩ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፣ መሐላቸው ቆሜ፣ «ቱሜ አትሄድም! ማሽላው ያለበትን አውቄያለሁ!» እያልኩ ስጮህ ራሴን ሰማሁት፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ማርታ!» አለች እማዬ፣ ደንግጣ።

መልስ አልሰጠኋትም። ዶማውን አንስቼ ወደ ጓዳው ጀርባ ሮጥኩ፣ ከለቃሚዎቹ ጉድጓድ ላይም መምታት ጀመርኩ።

«ኧረ ግድግዳውን! ልጄ አብዳለች፣ ቤቱን ልትንድብኝ ነው!» እማዬ ዶማውን ከኋላዬ ያዘችው። ጣቶቼን ዘርግቼ በእጄ መቧጠጥ ቀጠልኩ። ያኔ አንድ ሰው አጠገቤ ተንበረከከ፤ ቱሜ ነበረች። ቋጠሮዋን ጥላ ቀበቶዋ ላይ የምትሰካውን ትንሽ ቢላ አውጥታ አፈሩን ትፈለፍል ጀመር። ትንንሾቹ ወጡብን፣ እጃችንን ወረሩት። ከዚያ አፈሩ ተደረመሰና አንድ ራሳም ብቅ አለች፣ ሌላም፣ ሌላም፣ ትልልቅና ትንንሽ ተቀላቅለው። ከሥራቸውም፣ በለሰለሰው ክፍል ውስጥ፣ ቀይ ማሽላ።

ዘግኜ አነሳሁት። የኮንሶው ቀይ ማሽላ፣ እየሞላ የሚፈስ፣ ከጣቶቼ መሐል የሚንጠባጠብ።

እትዬ ወርቄ ሁለት እጆቿን አጨብጭባ አፏን ያዘች። «እንግዲህ ቀበሌ ሄጄ ማንን ልክሰስ? እነዚህን ማን በስማቸው ይጠራልኛል?»

«ሁሉም ሴቶች ናቸው» አልኩ፣ እንዴት ከአፌ እንደወጣ ሳላውቅ። «በሴቶች ማኅበር ይክሰሷቸው።»

የቱሜ አባት ሳይቀሩ ሳቁ። እትዬ ወርቄ ግድግዳውን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶብኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየዘለልኩ ነበር። ቱሜ ብቻ አልሳቀችም። ቢላዋን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰች።

እማዬ መጀመሪያ ወደ ቱሜ አባት ሄደች። «አባ ቱሜ፣ አጥፍቻለሁ። ልጅዎን ያለ ስሟ ስም ሰጠኋት። ይቅር ይበሉኝ።»

«የተከሰሰችው እሷ ናት» አሉ ጋልገሎ፣ «መልሱም የእሷ ነው።»

እማዬ ዞራ ቱሜ ፊት ቆመች። ትልቅ ሰው ልጅ ፊት እንደዚያ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር። «ይቅር በይኝ ቱሜ» አለች፤ ቱሜ መሬት መሬት እያየች «እሺ» አለች። አባቷ «እንሂድ ወይስ ትቀሪያለሽ?» ብለው በኦሮምኛ ሲጠይቋት ቋጠሮዋን ከመሬት አንስታ አቧራውን አራገፈች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር። «ትምህርቴን ልጨርስ» አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ጋና ገባ። ማሽላውን ከአፈር ለይተን በወንፊት ነፋነው፣ ግማሹን ጉንዳኖቹ የሚበቅልበትን ጫፍ ነክሰው ጥለውት ስለነበር እኔና ቱሜ ጤነኛውን ፍሬ ስንመርጥ ዋልን፤ እትዬ ወርቄም ያንኑ ዘራችው፣ እዚህም እዚያም እየሳሳ በቀለላት። «የጉንዳን ትርፍ» ትለው ነበር ላየው ሰው ሁሉ። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርኩ ማለት አልችልም፣ ግን አባዬ ራሳሟንና ለቃሚዋን በአንድ ብልቃጥ ሳስቀምጣቸው ሲያይ ግንባሬን ሳመኝ፣ ያን ቀን ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው በነገሌ ነበር ብዬ አላስብም።

ቱሜ ከዚያ በኋላ ዓመታት ከእኛ ጋር ኖራ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ነው ወደ አሬሮ የተመለሰችው። ትስቅ ነበር፣ ሚጢ ትለኝ ነበር፣ ጨዋታችንንም እንጫወት ነበር። የጓዳውን ቁልፍ ግን ዳግመኛ አልነካችውም። እማዬ ቱሜ እጅ በሚደርስበት ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ቱሜ ግን ጨው እንኳ ስትፈልግ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ አስቴር፣ ክፈቱልኝ» ትል ነበር። እማዬም እጇ ሊጥ ውስጥ ቢሆን፣ በኋላ የወለደችውን ሕፃን እያጠባች ቢሆን፣ አንድ ቀን እንኳ «ራስሽ ክፈቺ» ሳትል ትነሣ ነበር፣ ትከፍትላት ነበር።

ያን ጊዜ ማሽላው ሲገኝ ሁሉም ነገር የተገኘ መስሎኝ ነበር። እኔ እንዲያው እጄን እንዳላወጣሁ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፣ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅም አብራኝ ትኖራለች፣ ጓዳዬ በር እንጂ ቁልፍ የለውም። ባለፈው ወር ስኳር ጎደለብኝ። ጣሳውን ገልብጬ ከታች አየሁት፣ በብርሃን አዞርኩት፣ ቀዳዳ አልነበረውም፣ አንዲት ጉንዳንም አልነበረችበትም። ያን ጊዜ ቢሆን ያወቅሁትን ነገር እየጮህኩ ለመናገር ባንድ እግር ጫማ እሮጥ ነበር። አሁን ግን ልጅቱን ሳልጠራ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩትና ጣሳውን ከቦታው አስቀመጥኩት።